ጅብ-ሰዎቼ ከየት ይምጡ?

ጤና ይስጥልኝ፣ ከደብረ ማርቆስ ነው። ከጮቄ ተራራ እስከ ዓባይ በረሃ ለሚዘልቅ ምናባዊ ልብ ወለድ ጅብ-ሰዎችን እየፈጠርኩ ነው፤ አመጣጣቸው ላይ ግን ተቀረቀርኩ።

ጠባያቸው አላስቸገረኝም፤ ከእውነተኛው ጅብ ወስጃለሁ። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ መንጋውንም ትመራለች፤ ግልገሎቿ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ጥርስ አብቅለው ይወለዳሉ። አጥንት ስለሚቆረጥሙ ኩሳቸው ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል፤ አዳኙ ጎሬያቸውን የሚያገኘው በዚያ ነው።

ችግሩ መነሻቸው። «ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ይሆናል» የሚለውን የአገራችንን ወሬ ብወስድ፣ በቡዳ ስም ሲገለሉ የኖሩትን ባለእጆች ደግሞ መስደብ ነው። በእርግማን ተለወጡ ብል ልጆቻቸው ምን በደሉ? (የ«ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ደራሲ ቶልኪንም ኦርክ የሚላቸውን ክፉ ፍጡራን ኤልፍ ከሚባሉ፣ ከተጣመሙ ውብ ፍጡራን ቢያመጣም የነፍሳቸው ነገር አልተፈታለትም።) ከመሬት በቀሉ ካልኩ ደግሞ የሴቷ አለቅነት መሠረት ያጣል፤ የማትወልድ በምን እናትነቷ ትገዛለች?

አሁን የያዝኩት፦ ሰውና ጅብ ከአንድ እናት ተወልደው፣ በረሃብ ጊዜ ሬሳ በበላና ባልበላ ተለያዩ። ግን አንባቢ ይህን ሲያይ የ1880ዎቹን ክፉ ቀን አያስብም? ያኔ እውነተኛ ጅብ እውነተኛ ሰው በልቷል። ረሃቡን በምን ልተካው? በከብት በሽታ? በጎርፍ? መላ ያላችሁ ጣል አድርጉልኝ።