ለሌሊት አደን የሚሆን ፓውዛ፦ የቱ ይሻላል? ሽቦውስ እንዴት ይዘርጋ?

ማሳ ጠባቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከርከሮ በየሌሊቱ ማሳችን እየገባ ሰብሉን እየጨረሰው ነው። የአደን ፈቃድ አውጥተናል፣ መሣሪያውም ሕጋዊ ነው። ያስቸገረን መብራቱ ነው። በእጅ የሚያዝ 12 ቮልት፣ 100 ዋት የሆነ ሃሎጅን ፓውዛ አለኝ። ካርቶኑ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር የሻማ ብርሃን እንዳለው ተጽፏል። መኪናው ውስጥ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰክቼ ስጠቀምበት ደህና ነበር። በኋላ ግን የሚያበራው ሰው ከኋላ ጭነቱ ላይ መቆም ስላለበት፣ ቤት ውስጥ ያገኘሁትን ቀጭን ሽቦ 5 ሜትር ያህል ቀጠልኩለት። ከዚያ ወዲህ ብርሃኑ ቢጫ ሆነ። መቶ ሜትር ላይ ያለው ነገር ቁጥቋጦ ይሁን እንስሳ መለየት አቅቶኛል። መሰኪያው ደግሞ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው እጅ ያቃጥላል፣ ባለፈው ሌሊትማ ጫፉ ላይ ያለው ፕላስቲክ ቀለጠ።

ፓውዛውን ልቀይር ወይስ ሽቦውን? ከመኪናው ወርጄ በእግር ስሄድስ ምን ዓይነት ባትሪ ልያዝ?

ባለ ሽቦው፦

ወንድሜ፣ ፓውዛህን አትጣለው። መጀመሪያ ያንን ሽቦ አውልቀው፣ ዛሬውኑ።

ሒሳቡ ይሄ ነው። 100 ዋት ለ12 ቮልት ስታካፍለው ከ8 አምፔር በላይ ይሆናል። ይሄ ለቀጭን ሽቦ ብዙ ነው። የቀጠልከው 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው ብለን እንያዝ፣ የቤት ዕቃ ላይ የሚመጣው ቀጭን ገመድ ብዙውን ጊዜ እዚያ አካባቢ ነው። ርቀቱ 5 ሜትር ቢሆንም ኤሌክትሪኩ ሄዶ መመለስ ስላለበት የሚቆጠረው 10 ሜትር ነው። በዚህ ርዝመት ላይ ወደ 2 ቮልት የሚጠጋ መንገድ ላይ ይቀራል። 2 ቮልት ትንሽ ሊመስልህ ይችላል፣ ሃሎጅን አምፖል ግን ቮልት ሲጎድልበት ብርሃኑ የሚቀንሰው በዚያው ልክ አይደለም፣ እጅግ ይብሳል። 12 የሚፈልገው አምፖል 10 ቮልት ብቻ ሲደርሰው ከብርሃኑ የሚተርፈው ግማሽ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ቢጫ የሆነብህም ለዚህ ነው፣ ክሩ በቂ ሙቀት አላገኘም። የጎደለው ኃይል ደግሞ የትም አልሄደም፣ ሽቦህን እያሞቀው ነው።

የመሰኪያው መቅለጥ ሌላ ችግር ነው። ሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካው ነገር የሚነካካው በትንሽ ስፕሪንግና በጠባብ ቦታ ነው። ትንሽ ከላላ ወይም አቧራ ከገባበት እዚያው ነጥብ ላይ ይግላል። ለስልክ ቻርጅ ምንም አይልም። ለ8 አምፔርና ለረጅም ሰዓት ግን እኔ አላምነውም።

ስለዚህ ከባትሪው በቀጥታ አውጣ። 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ተጠቀም፣ 2.5ም ይሠራል፣ ግን ቆጥበህ የምታተርፈው ነገር የለም። ብዙ ክር ያለው ለስላሳ ይሁን፣ አንድ ወፍራም ዘንግ የሆነው በመኪና ንቅናቄ ይሰበራል። ከሁሉም በላይ ፊውዝ! ፖዘቲቩ ላይ፣ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ 15 አምፔር ፊውዝ አስገባ። ፊውዙን ፓውዛው አጠገብ የሚያስቀምጡ ሰዎች አይቻለሁ። እንዲያ ከሆነ መሀል ላይ ሽቦው በብረት ተልጦ ኮንታክት ቢፈጠር የሚያቋርጠው ነገር የለም፣ የመኪና ባትሪ ደግሞ ሽቦን በሰከንዶች ውስጥ የሚያቀልጥ ኃይል አለው። ሽቦው ብረት በስቶ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት አድርግለት።

መቀጠል ግድ ከሆነ ጠምዝዘህ በናስትሮ ብቻ አትጠቅልለው። ስታኞ አድርግበት ወይም በመጭመቂያ ቱቦ አጥብቀህ፣ በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ አልብሰው።

ሩቅ ተመልካች፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ምርጫው ልጨምር። ካርቶን ላይ ያለውን የሚሊዮን ቁጥር እርሳው። መጠየቅ ያለብህ ሁለት ነገር ነው፤ ሉመኑና ካንዴላው። ሉመን በጠቅላላ የሚወጣው ብርሃን ነው፣ ካንዴላ ደግሞ መሀሉ ላይ ምን ያህል ተጠራቅሞ እንደሚሄድ ይነግርሃል። ለአደን የሚያስፈልግህ ካንዴላው ነው። ሰፊ ግቢ የሚያበራ መብራት ብዙ ሉመን ኖሮት ሁለት መቶ ሜትር ላይ ምንም ላያሳይህ ይችላል።

አምራቾች የሚጽፉት ርቀት ደግሞ ብርሃኑ 0.25 ሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) እስኪደርስ ድረስ ያለውን ነው። ይሄ ሙሉ ጨረቃ ከምትሰጠው ብርሃን አይዘልም። ካንዴላው 40,000 ከሆነ 400 ሜትር ብለው ይጽፋሉ። በ400 ሜትር አንድ ነገር እንዳለ ታይ ይሆናል እንጂ ምን እንደሆነ አትለይም። ርቀቱን በአራት ስታካፍለው ግን፣ ማለትም 100 ሜትር ላይ፣ ብርሃኑ 16 እጥፍ ይሆናል። እኔ የምተማመነው በዚህ ሩብ ርቀት ላይ ነው። 150 ሜትር ላይ በደንብ መለየት ከፈለግህ 600 ሜትር የተጻፈበትን ፈልግ፣ ካንዴላው 90,000 አካባቢ ማለት ነው።

በእግር ለመሄድ ኤልኢዲ ያዝ፣ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። 55 ዋት ሃሎጅን የሚሰጠውን ብርሃን ጥሩ ኤልኢዲ በ15 ዋት አካባቢ ይሰጥሃል። 7 አምፔር ሰዓት የሆነችውን ትንሿን የታሸገች የሊድ ባትሪ ብትሸከም፣ ባትሪዋ እንዳትጎዳ ግማሽ ላይ ብታቆም፣ ሃሎጅኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢያቆይህ ነው። ኤልኢዲው ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስድሃል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ከተገኘ ደግሞ ክብደቱ በጣም ይቀንሳል፣ አብዛኛውን አቅሙን ብትጠቀምም አይጎዳም። ግን በራሱ ቻርጀር ብቻ ቻርጅ አድርገው፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ደግሞ ቻርጅ አታድርገው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ትናንሽ የእጅ መብራቶች ሲበሩ የሚያሳዩት ብርሃን ደቂቃዎች ሳይቆይ በሙቀት ምክንያት ራሱን ይቀንሳል። ስትገዛ አብርተህ አምስት ደቂቃ ያዘው። ቀለሙም በጣም ሰማያዊ የሚመስለው አይሁን፣ ቡናማውን ከግራጫው ለመለየት ያስቸግራል። በብርሃን ቀለም መለኪያው 4000 ወይም 5000 ኬልቪን ለዓይን ይሻላል።

የድሮ አዳኝ፦

ልጆቼ፣ ስለ መብራቱ ጥሩ ተናግራችኋል። እኔ ግን ሌሊት ላይ ያየሁትን ልናገር።

ብዙ ሰው ፓውዛ አዙሮ የሚፈልገው የሚያበራ ዓይን ነው። የከርከሮ ዓይን ግን እንደዚያ አያበራም። የላም፣ የበግ፣ የፍየል፣ የውሻ ዓይን ነው ቦግ የሚለው፤ ከዓይናቸው ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አላቸው፣ የአሳማ ዘር የለውም። ስለዚህ ከማሳህ ዳር ሁለት ዓይን ቦግ ሲልብህ መጀመሪያ የሚመጣልህ ሐሳብ የጎረቤት ጥጃ ወይም ውሻ ይሁን። በዓይን ብቻ በጭራሽ እንዳትተኩስ። ሙሉ ገላውን፣ ከኋላው ያለውንም ነገር እስክታይ ድረስ ጣትህ ምላጩ ላይ አይግባ። ሰውም ሌሊት ይንቀሳቀሳል።

በጠመንጃው መነጽር እየዞርክ አትፈልግ፤ እንደዚያ ስታደርግ አፈ ሙዙን በማታውቀው ነገር ሁሉ ላይ እያዞርክ ነው። ፍለጋው በፓውዛና በሁለት ዓይን ማያ መነጽር ይሁን።

የሚያበራው ሰው ከተኳሹ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከፍ ብሎ ይቁም። ብርሃኑ አፈ ሙዙን ወይም የመኪናውን ቦዲ ከነካው ተመልሶ ዓይንህን ያሳውርሃል። አቧራና ጉም ባለበት ሌሊትም እንደዚሁ ነው፣ ብርሃኑን ብታበዛው ነጭ ግድግዳ ይሆንብሃል፣ ያኔ መቀነስ ወይም ከዓይንህ አርቀህ መያዝ ነው ያለብህ። ስትፈልግ ዙሪያውን በደበዘዘው የብርሃን ጠርዝ ዳስስ፣ መሀሉን የምታወጣው ለመለየት ስትፈልግ ነው። ቀይ መሸፈኛም ሞክር። አብዛኞቹ አጥቢዎች ቀይ ብርሃን እንደ እኛ አይታያቸውም፣ ቶሎ አይደነግጡም። የአንተም ዓይን ከጨለማው ጋር የለመደው አይበላሽም። አንዴ በነጭ ብርሃን ከተመታ ግን ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። ቀዩ ርቀቱን ይቀንስብሃል፣ ያንን እወቅ።

ፈቃዱንም ደግመህ አንብበው። የአደን ፈቃድ መኖር ማለት በመብራት ማደን ተፈቅዷል ማለት አይደለም፣ ከመኪና ላይ መተኮስም በብዙ ቦታ ለብቻው የተከለከለ ነው።

ማሳ ጠባቂ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፈቃዱን አውጥቼ አነበብኩት። በመብራት ማደን ለሰብል ጠንቅ ተፈቅዷል፣ ከመኪና ላይ መተኮስ ግን አይቻልም። ስለዚህ መኪናው መፈለጊያ ብቻ ይሆናል፣ ወርደን እንጠጋለን።

ሽቦውን ትናንት ቀየርኩ። ከማውለቄ በፊት ፓውዛው እየበራ መግቢያው ላይ ለካሁት፣ 10.2 ቮልት ነበር። አሁን በ4 ካሬ ሽቦ፣ ከባትሪው ቀጥታ፣ ሞተር ጠፍቶ 12 ቮልት ይደርሰዋል። ብርሃኑ ነጭ ሆነ፣ ገመዱም አንድ ሰዓት ሙሉ አልሞቀም። ያው ፓውዛ ነው ብል ማን ያምነኛል! ለእግሩ 20 ዋት ኤልኢዲ ልገዛ ነው። ሪሌ የሚሉት፣ በቀጭን ሽቦ ታዞ ወፍራሙን ሽቦ የሚያበራና የሚያጠፋው ዕቃ፣ ያስፈልገኛል ወይ?

ባለ ሽቦው፦

ለ20 ዋቱ አያስፈልግህም፣ ከ2 አምፔር አይበልጥም፣ ጥሩ ማብሪያ ማጥፊያ ይችለዋል። ለ100 ዋቱ ግን ማብሪያው ከፓውዛው እጀታ ላይ ሳይሆን ከሾፌሩ ጋር እንዲሆን ከፈለግህ ሪሌ አድርግ። የሪሌው እግሮች ላይ ቁጥር አለ፦ 30 ቁጥር ላይ በፊውዝ የመጣው ፖዘቲቭ፣ 87 ላይ ወደ ፓውዛው የሚሄደው፣ 86 ላይ ከማብሪያው የሚመጣው ቀጭን ሽቦ፣ 85 ላይ ኔጋቲቭ። ማብሪያው ስትገዛ ለዲሲ (ለባትሪ ኤሌክትሪክ) የተሠራ መሆኑን እይ፣ የቤት ግድግዳ ላይ የሚገባው ቶሎ ይቃጠላል። በእግር ስትሄድ የምትሸከመውን ባትሪ ቦርሳ ውስጥ ስትከት ደግሞ ሁለቱን ጫፎች ሸፍናቸው፣ ቁልፍ ወይም ጥይት ነክቷቸው ኮንታክት እንዳይፈጠር። ለእሱም ፊውዝ፣ 5 አምፔር ይበቃዋል።