ከሴሚናር ላገኘሁት የደም ስኳር መለኪያ ስትሪፕ የት ይገኛል?

ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በሚገኝ አንድ ሆቴል በተካሄደ የነርሶች ሴሚናር ላይ ስካፈል፣ የሕክምና ዕቃ አቅራቢዎች በየጠረጴዛው ከሚያድሉት እስክሪብቶ፣ ማስታወሻ ደብተርና የጨርቅ ቦርሳ (እነዚህስ በየሴሚናሩ አይጠፉም) ሌላ የደም ስኳር መለኪያ ስለተሰጠኝ፣ ለእናቴ አስረክቤያቸው ነበር። ከመሣሪያው ጋር የመጡት ጥቂት ስትሪፖች (የደም ጠብታ ተደርጎባቸው መለኪያው ውስጥ የሚገቡት ቀጫጭን ቁራጮች) ግን አልቀዋል፤ ከፒያሳ እስከ አቶቴ ባሉ ፋርማሲዎች ብጠይቅም አላገኘሁም፣ አቅራቢው በሰጠኝ ካርድ ላይ ያለው ስልክም አይነሳም። አንድ ሻጭ የሌላ ብራንድ ስትሪፕ «ልክክ ብሎ ይገባል» ቢለኝም፣ መለኪያው የተቃኘው ለራሱ ስትሪፕ በመሆኑና ቢገባ እንኳ የሚያሳየው ቁጥር ስለማይታመን አልገዛሁም።

ሌላው ችግር መሣሪያው በሚሊሞል በሊትር ማንበቡ ነው፤ የእናቴ የክትትል ደብተር በሚሊግራም በዴሲሊትር ስለሚሞላ፣ 7.2 ሲያሳይ በ18 አባዝቼ 130 ገደማ እያልኩ እጽፍላቸዋለሁ፤ እኔ በሌለሁበት ግን 7.2 ለእርሳቸው ትርጉም የለውም። መለኪያውን ወደ ሚሊግራም መቀየር የሚቻልበት መንገድ ይኖር ይሆን? ስትሪፑንስ በሐዋሳ ወይም በአዲስ አበባ የሚያስመጣ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ፤ ካልተገኘ ደግሞ ስትሪፑ እዚሁ የማይጠፋ መለኪያ የትኛው እንደሆነ ብትነግሩኝ እገዛለሁ።