ሥራ ላጡ አባላት የሚከፈል ድጎማ፦ የደንብ ረቂቅ የዕቅድ ውይይት

ከጸሐፊው፣ ደብረ ማርቆስ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በሀገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፍል የሥራ አጥነት መድን በሕግ አልተቋቋመም። ከደመወዛችን የሚቆረጠው 7 ከመቶ እና አሠሪው የሚጨምረው 11 ከመቶ ለጡረታ ነው። ሥራ ሲቋረጥ የምንይዘው የስንብት ክፍያን ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚሁ አንድ ሦስተኛ ሆኖ፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በወር 6,000 ብር እየተከፈለው 4 ዓመት የሠራ ሰው 12,000 ብር ይደርሰዋል፤ የወጣው በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልለታል። ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም ቢኖርበትም ጉዳዩ ወደ ክርክር ከገባ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ 12 ወር መዋጮ የከፈለና ያለ ጥፋቱ ሥራ ያጣ አባል፣ የስንብት ደብዳቤውን ሲያቀርብ ለ3 ወር የደመወዙን ግማሽ እንዲያገኝ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ከሒሳብ ያዥዋ፣ ቡሬ

በመዋጮው ጊዜ እስማማለሁ፤ ደብዳቤ የሚለው ግን ብዙዎቻችንን በር ላይ ያስቀራል። በጭነትና በግንባታ ሥራ ካቦው ማታ ሒሳብ ሲዘጋ «ከነገ ጀምሮ አትምጡ» ይላል እንጂ ደብዳቤ የሚጽፍ የለም። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል፤ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ መስጠት እንዳለበት አዋጁ ያዛል። ይህን ስላልፈጸመ ተጎጂው አባላችን መሆን የለበትምና፣ አብረው የሠሩ የሁለት ሰዎች ምስክርነት በደብዳቤው ምትክ ይያዝ።

ከአንድ አባል፣ ፍኖተ ሰላም

እኔ «በራሱ ፈቃድ ለቀቀ» ተብዬ የወጣሁ ነኝ። ደመወዜ ለሦስት ወር ስላልተከፈለኝ ነበር የለቀቅሁት፤ የመጨረሻውን ክፍያ ስወስድ ከፊርማው በላይ በደቃቅ ፊደል «ሌላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል መስመር ነበረበት፤ ሳላነብ ፈረምሁ። ዛሬ ነገ ስል ስድስት ወር አለፈና የክፍያ ጥያቄዬ በይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለመጠየቅ የሰጠው ጊዜ በማለፉ፣ ታገደ። ወደ ሥራ ለመመለስማ ቀነ ገደቡ ሦስት ወር ብቻ ነው። ደንባችን «ያለ ጥፋቱ» ብሎ ሲያበቃ የእኔ ዓይነቱን ወደየት ይጥለዋል? አዋጁ ራሱ 5 ዓመት አገልግሎ በፈቃዱ ለለቀቀ ሠራተኛ ስንብት ሲፈቅድ እኛ ከአዋጁ ልንከፋ አይገባም። ከሁሉ በላይ ግን አባሉ ሥራውን ባጣ በ30 ቀን ውስጥ ለማኅበሩ እንዲያሳውቅና ቅሬታውን ለሚመለከተው አካል እንዲያቀርብ እንጠይቀው፤ ድጎማው ይርጋውን አስረስቶ የሚያስተኛ ከሆነ ጉዳቱ ያመዝናል።

ከጸሐፊው

የ30 ቀኑን ሐሳብ ያለ ማንገራገር ተቀብያለሁ፤ ስፈራ የነበረውም ድጎማው ይርጋውን እንዳያስረሳ ነው። የክረምቱን ጉዳይ ግን አልዘለልሁትም። ከሰኔ ጀምሮ ግንባታ ሲቆም በየዓመቱ ተቀማጭ የሚሆኑትን በድጎማ ብንይዝ ሣጥኑ በነሐሴ ባዶውን ይቀራል፤ ለእነርሱ የበጋ ቁጠባ ቢደራጅ ይሻላል።

ከሒሳብ ያዥዋ

ቁጠባው ጥሩ ነው፤ መስከረም ጠብቶ ካቦው መልሶ ያልጠራው ሰው ግን ሥራ ያጣ ይባልልኝ።

ከሰብሳቢው

የረቂቁ አንቀጽ 4 እንዲህ ይስተካከል፦ «ድጎማ የሚያገኘው 12 ወር መዋጮ የከፈለ፣ ሥራውን ባጣ በ30 ቀን ውስጥ በደብዳቤ ወይም በሁለት ምስክር ያሳወቀ፣ የሕግ መብቱንም መጠየቁን ያሳየ አባል ነው፤ በክረምት የቆመ ሥራ እስከ መስከረም 30 ካልቀጠለ እንደ ሥራ ማጣት ይቆጠራል።» በደመወዝ መዘግየት የለቀቁት በአንቀጽ 5 ይካተቱ፤ ቃሉን የፍኖተ ሰላሙ አባላችን ይጻፉት።