እናቴን በጭምብል የማይበት ሕልም አስጨንቆኛል፣ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አንድ ሕልም እየተመላለሰ እንቅልፍ ነሥቶኛል። እናቴ ጓዳ ውስጥ ቡና ትቆላለች፤ ዞር ስትል ፊቷ ላይ የእንጨት ጭምብል አለ። የዓይኑ ቀዳዳ ጠባብ፣ ከንፈሩ ግጥም ያለ ነው። ድምጿ ግን የራሷ ነው፤ «ና ልጄ፣ ተቀመጥ» ትለኛለች። ላወልቅላት እጄን ስዘረጋ እባንናለሁ።

አክስቴ «ሕልም እንደ ፈቺው ነው፣ ለማንም አታውራ» ብላኛለች። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ማንበብ ጀመርኩ። የስዊዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ (እ.ኤ.አ. 1875–1961) ሰው ለኅብረተሰቡ የሚያሳየውን ገጽታ «ፐርሶና» ይለዋል፤ ችግሩ የሚመጣው ሰው ራሱን ከዚያ ገጽታ መለየት ሲያቅተው ነው። ጭምብሉን ያጠለቅሁት እኔ ብሆን ይህ ይገባኝ ነበር። ግራ የገባኝ ያጠለቀችው እናቴ መሆኗ ነው። ዩንግ በሕልም የሚታይ ሰው አንዳንዴ ያንኑ ሰው፣ አንዳንዴም የሕልመኛውን የራሱን ውስጥ ሊያሳይ ይችላል ይላል። ታዲያ የእኔው የትኛው ነው? በምንስ ይለያል?

እናቴን ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ ደም ግፊት ስላለባት እንዳላስደነግጣት ፈራሁ። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ወይም እንዲህ ያለ ሕልም ያያችሁ፣ እባካችሁ ከየት ልጀምር?