የባሕር ዓሣ ዕንቁላል በአዮዲን የሚነከርበት ልክ ለአምባዛ ይሠራል ወይ?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)
ጤና ይስጥልኝ። በግቢዬ ውስጥ አምባዛ አስፈለፍላለሁ። ባለፈው ጊዜ ወንፊት ላይ ያጣበቅኩት ዕንቁላል በማግስቱ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ለብሶ አገኘሁትና እጅግ አዘንኩ። የባሕር ዓሣ አርቢዎች ዕንቁላሉን በሊትር 50 ሚሊግራም አዮዲን ባለው ውሃ ለጥቂት ደቂቃ እንደሚነክሩት አንብቤያለሁ። እኔ ከመድኃኒት ቤት የገዛሁት ባለ 10 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ነው። ልኩን እንዴት ላስላ? ለአምባዛስ ይሆናል?

መልስ (ከሐረር)
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ስሌት ላይ ነው። 10 በመቶ የተባለው የውሁዱ መጠን ሲሆን፣ ተህዋስያንን የሚገድለው አዮዲን ግን 1 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ የሚገኘው 10 ሚሊግራም ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዎታል። ሳልሞን ለተባለው ዓሣ ዕንቁላል የተለመደው የዚህ እጥፍ፣ ማለትም በሊትር 100 ሚሊግራም ለ10 ደቂቃ ነው። ለእጅ መታጠቢያ ተብሎ ሳሙና የተቀላቀለበትን ግን ፈጽሞ አይጠቀሙ።

አዮዲን ውሃውን ወደ አሲድነት ይወስደዋል፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 በታች ሲወርድ ዕንቁላሉ ይጎዳል። የባሕር ውሃ ይህን ለውጥ የመቋቋም ኃይል አለው። ጀበናችን ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተወው የድሬዳዋ የጉድጓድ ውሃም እንዲሁ ይቋቋማል፤ የዝናብ ውሃ ከተጠቀሙ ግን ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ያስፈልገዋል። ከመንከርዎ በፊት በፒኤች ወረቀት ይለኩት።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። በ28 ዲግሪ የአምባዛ ዕንቁላል በአንድ ቀን ገደማ ስለሚፈለፈል፣ ዕንቁላሉ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይንከሩት፤ ሊፈለፈል ሲቃረብ አይንኩት። ልኩ ለባሕር ዓሣ የወጣ ስለሆነ በመጀመሪያ በጥቂት ዕንቁላል ይሞክሩት።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግሉታራልዲሃይድ የተባለው ተህዋስያን ገዳይ ኬሚካል ይበልጣል የሚሉም አሉ። ደግሞስ አንዱን ውሃ ለሁለት ዙር መጠቀም ይቻላል?

መልስ (ከድሬዳዋ)
ግሉታራልዲሃይድ ሃሊበት ለተባለው የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ በእርግጥ ተሠርቶበታል፤ ነገር ግን ዓይንንና ሳንባን ስለሚያቃጥል ልጆች ለሚመላለሱበት ግቢ አልመክረውም። አዮዲኑን በተመለከተ ቀለሙን ይመልከቱ፦ ቡናማው ፈዝዞ ወደ ቢጫ ከሄደ ኃይሉ ስላለቀ ይድፉት።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሻጋታ የሚነሳው ካልዳበረውና ነጭ ሆኖ ከሞተው ዕንቁላል ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ጤነኛው ይሻገራል። ዕንቁላሉ ወንፊቱ ላይ ተደራርቦ ከተጣበቀ ደግሞ አዮዲኑ የላይኛውን እንጂ የታችኛውን አይነካም። ስለዚህ ስስ አድርገው ይዘርጉት፣ የነጣውንም በቀጭን ቱቦ እየሳቡ ያውጡ። አዮዲን የሚያጸዳው ቅርፊቱን ብቻ ነው፤ ከእናቲቱ ወደ ዕንቁላሉ ውስጥ የገባ ቫይረስ ካለ አይደርስበትም።

ነክረው ሲጨርሱ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁትና ወደ ሌላ የታጠበ በርሜል ያዛውሩት። የቀድሞው ወንፊት ታጥቦ በድሬዳዋ ፀሐይ ሳይደርቅ ተመልሶ አይግባ።