ብድሩን ላራዝም ወይስ ሠራተኞቼን ላሰናብት? ምክራችሁን እሻለሁ

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ካወጀበት ከመጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ የልብስ ስፌት ድርጅቴ ገበያ ከቀን ወደ ቀን እየተዳከመ ሄዶ አሁን ከናካቴው ቆሟል። አምስት ሠራተኞች አሉኝ። ሥራውን አብረውኝ ከባዶ የጀመሩ ናቸውና ማሰናበትን ማሰብ እንኳ ያስጨንቀኛል።

አበዳሪዬ ክፍያውን በስድስት ወር ሊያራዝምልኝ ፈቃደኛ ነው። እፎይታ መስሎኝ ነበር፤ ውሉን ሳነበው ግን ወለዱ በእነዚያ ወራት ሁሉ እየታሰበ በዋናው ብድር ላይ ይደመራል። ታዲያ ይህ እርዳታ ነው ወይስ የዕዳ ክምር? ወለዱን ብቻ እየከፈልኩ ዋናውን ላቆይ ብዬ ብጠይቅስ? በዚህ መንገድ የተስማማ ሰው ካለ እንዴት እንደተደራደረ ይንገረኝ።

ሌላው ጥያቄዬ ስለ ድጎማ፣ ማለትም እንደ ብድር ተመልሶ ስለማይከፈል የእርዳታ ገንዘብ ነው። ማመልከቻው ሽያጭ መቀነሱን በሰነድ ማሳየት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ገቢና ወጪዬን የምመዘግበው በደብተር ነው። የባንክ ሒሳብ መግለጫና ደብተሩ አንድ ላይ ቢቀርቡ ይበቃሉ? አከራዬንስ የኪራዩን ግማሽ እንዲያዘገይልኝ ስጠይቅ በጽሑፍ ይሻላል ወይስ በአካል?

በእጄ ያለው ገንዘብ ከአንድ ወር ደመወዝ አያልፍም። በዚህ ያለፋችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ቶሎ ምከሩኝ።