ለሞዴል ባቡር ፖልና ጠጠር በርካሽ የሰራ ካለ እርዱኝ
ሰላም ወገን፣ ኮምቦልቻ ነኝ፣ የአዋሽ ኮምቦልቻን መስመር በ1:87 (87 ጊዜ አሳንሼ) ቤት ውስጥ እየሰራሁ ነው፣ የሀዲዱ ስፋት 16.5 ሚሜ ስለሆነ ከእውነተኛው 1435 ሚሜ ጋር ልክ ይመጣል። የቸገረኝ ሀዲድ ዳር ያለው ነገር ነው፣ የሚሸጠው ወላሂ አይቀመስም። የኤሌክትሪክ ፖሉን ከስቴኪኒ ሰርቼ ስሩን በሱፐር ግሉ ካርቶን ላይ ለጠፍኩት፣ ግን ከኬብል ያወጣሁትን ቀጭን ሽቦ ወጠር ሳደርገው ሁሉም ያጎነብሳል። የባሰው ደሞ ጠጠሩ ነው፣ ከቦርከና ዳር አሸዋ አምጥቼ ነፍቼ በተንኩት ከዛ ኮላ በውሃ አቅጥኜ በሲሪንጅ ጠብ ሳደርግበት አይሰርግም፣ ድብልብል ብሎ እየተንከባለለ አሸዋውን ጠርጎት ይሄዳል። አንድ ልጅ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አርግበት አለኝ፣ ሲደርቅ ነጭ አያወጣም? ፖሉንስ በምን ላጠንክረው፣ ወይስ ሽቦውን ትቼ ፖል ብቻ ላቁም? ያለ ሽቦ ግን የመብራት ባቡር አይመስልም።